በ129 ድምፅ የተወሰነው ምርጫ፦ ስለ 2004ቱ የዋሽንግተን አገረ ገዥ ምርጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድምፅ መስጫ ወረቀት በየቤቱ በሚላክበት ሰሞን፣ ሲያትል ውስጥ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ?» ይህን በሰማሁ ቁጥር የ2004ቱን ምርጫ እተርካለሁ። ትረካውን ስጀምር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ከዚያም ሌላ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በኤርፖርት ታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር የተጠየቅኳቸውን ሰብስቤ እዚህ ከነመልሳቸው አስቀምጫለሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን አቆጣጠር ስጠቀም እናገራለሁ።

ምርጫው የተካሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ነው?

አይደለም። ዲሲ በከንቲባ የምትመራ ከተማ ናት፤ አገረ ገዥ የላትም። የምንነጋገረው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ስላለችው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። ትልቋ ከተማ ሲያትል ስትሆን የመንግሥቱ መቀመጫ ግን ኦሎምፒያ ነው። ክፍለ ግዛቷ 39 ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) አሏት። በሕዝብ ብዛት ሁሉንም የሚበልጠው ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ ነው፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ ደጋግሞ ይመጣል።

ዕጩዎቹ እነማን ነበሩ?

ዴሞክራቱ አገረ ገዥ ጌሪ ሎክ ለሦስተኛ ጊዜ እንደማይወዳደሩ በ2003 አስታወቁ። ሎክ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው ቻይናዊ አሜሪካዊ አገረ ገዥ ነበሩ። በዋሽንግተን ሕግ ለአገረ ገዥ የሥራ ዘመን ገደብ የለም፤ የለቀቁት በገዛ ፈቃዳቸው ነው። ወንበሩ ክፍት ሆነ።

በዴሞክራቶች በኩል የቀረቡት ክሪስቲን ግሬግዋር ናቸው። ኦበርን በምትባል ከተማ ያሳደጓቸው እናታቸው ብቻቸውን ናቸው፤ እናትየው በምግብ ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው እየሠሩ ነው ልጃቸውን ለዚህ ያበቁት። ግሬግዋር ሕግ ተምረው የክፍለ ግዛቱን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መርተዋል፤ በ1993 ደግሞ በክፍለ ግዛቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው በዚያ ወንበር ሦስት ዘመን ተመርጠዋል። በመላ አገሪቱ ስማቸው የታወቀው በ1998 ከትልልቆቹ የትምባሆ ኩባንያዎች ጋር በተደረገው ስምምነት ነው። 46 ክፍለ ግዛቶች የገቡበትንና ኩባንያዎቹን ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስከፈለውን ያን ድርድር ከመሩት አንዷ እሳቸው ነበሩ።

ሪፐብሊካኑ ዲኖ ሮሲ የአስተማሪ ልጅ ናቸው። የተወለዱት ከሰባት ልጆች መጨረሻ ነው፤ ሥራቸው የንግድ ሕንፃዎች መግዛትና መሸጥ ነበር። በ1996 ለክፍለ ግዛቱ ሴኔት ተመረጡ። በ2003 የሴኔቱ የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሉ፣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የጎደለውን በጀት አጠቃላይ ግብር ሳይጨምሩ ማመጣጠናቸው ትልቁ የዘመቻ መፈክራቸው ሆነ። ተግባቢና ፈገግተኛ ሰው ስለነበሩ በቴሌቪዥን ይወደዱ ነበር።

ሦስተኛዋ የሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩ ሩት ቤኔት ናቸው። ያገኙት ድምፅ ከ63 ሺህ በላይ ነበር፤ ከመቶ ሁለት ያህል መሆኑ ነው። በ129 ድምፅ በተወሰነ ምርጫ ውስጥ 63 ሺህ ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ እናንተው አስቡት።

የአራተኛውን ሰው ስም የማነሳው እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ሰው ስለሚያስታውሳቸው ነው። የኪንግ ካውንቲ ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ሮን ሲምስ በመስከረም በተደረገው የዴሞክራቶች የውስጥ ውድድር በግሬግዋር ተሸነፉ። ሲምስ የገቢ ግብር በሌለባት ክፍለ ግዛት የገቢ ግብር ይጀመር ብለው በግልጽ የተናገሩ ደፋር ሰው ነበሩ።

ዋሽንግተን የዴሞክራቶች አይደለችም እንዴ? ለምን እንዲህ ተቀራረበ?

ለፕሬዚዳንት ሲሆን አዎ፤ በዚያው ቀን የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ጆን ኬሪን ከጆርጅ ቡሽ አብልጦ መርጧል። ግን የዋሽንግተን መራጭ ሲመዘገብ የፓርቲ አባል ሆኖ አይመዘገብም። በአንድ ወረቀት ላይ ለፕሬዚዳንት ዴሞክራት፣ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሪፐብሊካን ብሎ ይሞላል። በ2004 የሆነውም ይኸው ነው፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነቱንም፣ ምርጫ የሚመራውን የክፍለ ግዛቱን ጸሐፊነትም ሪፐብሊካኖች ወሰዱ።

ጊዜውም አስቸጋሪ ነበር። ቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2001 ወደ ቺካጎ አዛውሯል፤ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ፊኛ ፈንድቶ ብዙ ሰው ሥራ ፈትቷል። የአገረ ገዥው ወንበር ከ1985 ጀምሮ ከዴሞክራቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሮሲ «ለውጥ» ሲሉ ጆሮ የሰጣቸው ብዙ ነው። መሬቱ ራሱም ሁለት ነው፦ ከካስኬድ ተራሮች ወዲህ ባሕሩና ትልልቆቹ ከተሞች፣ ከተራሮቹ ወዲያ ስንዴው፣ የፖም እርሻውና ወግ አጥባቂው ገበሬ።

ድምፁ ስንት ጊዜ ተቆጠረ?

ሦስት ጊዜ።

ምርጫው የተካሄደው ኅዳር 2 ቀን 2004 ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው መራጭ ድምፁን በፖስታ ነበር የሚልከው፤ ፖስታው የምርጫው ቀን ወይም ከዚያ በፊት የተመታ ማኅተም እስካለው ድረስ ቀናት ዘግይቶ ቢደርስም ይቆጠራል። በዚህ የተነሳ ውጤቱ በየምሽቱ ይገለባበጥ ነበር፤ አንድ ቀን ግሬግዋር ይመራሉ፣ በማግሥቱ ሮሲ። ኅዳር 17 የመጀመሪያው ቆጠራ ሲዘጋ ሮሲ በ261 ድምፅ በለጡ።

ልዩነቱ ከ2,000 ድምፅና ከግማሽ በመቶ በታች ሲሆን ሕጉ በመሣሪያ ድጋሚ ቆጠራ ያስገድዳል። ተቆጠረ። ሮሲ አሁንም መሪ ናቸው፣ ልዩነቱ ግን 42 ሆነ! የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊም ኅዳር 30 ሮሲን ተመራጭ አገረ ገዥ ብለው አጸደቁ።

ሦስተኛው በእጅ የተቆጠረው ነው። በ39ኙ ካውንቲዎች ሠራተኞች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የሁለቱም ፓርቲ ታዛቢዎች ከኋላቸው ቆመው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሱ ቆጠሩ። ገና ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ታኅሣሥ 23 የኪንግ ካውንቲ ቁጥር ተሰማና ግሬግዋር በ130 ድምፅ ቀደሙ። አንድ ካውንቲ ላይ የአንድ ድምፅ እርማት ተደረገና 129 ሆነ። ታኅሣሥ 30 የጸደቀው የመጨረሻ ቁጥር ግሬግዋር 1,373,361፣ ሮሲ 1,373,232 ይላል።

በጠቅላላው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ልዩነቱ ከ100 ሺህ ሰው አምስት ሰው እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ለሰው ሳስረዳ በሌላ መንገድ እነግረዋለሁ፦ በየካውንቲው ለግሬግዋር ከመረጡት ውስጥ ሁለት ሁለት ሰዎች ብቻ ወደ ሮሲ ዞረው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ሁለት ሰው ማለት አንድ ባልና ሚስት ነው።

ያው ወረቀት ደጋግሞ ሲቆጠር ቁጥሩ ለምን ይለያያል?

ማጭበርበር ስላለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ከዚያ በጣም ያነሰና የሰው ጠባይ ያለበት ነው። መሣሪያው የሚያነበው በትክክል የጠቆረ ክብ ነው። ሰው ግን ክቡን ሳያጠቁር ስሙ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ስሙን ያከብበታል፣ በደበዘዘ እርሳስ ይነካዋል፣ አንዱን አጥቁሮ ይሰርዝና ሌላውን ያጠቁራል። መሣሪያው እንዲህ ያለውን ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰው ዓይን ግን «ይህ ሰው ማንን ፈልጎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዋሽንግተን ሕግም የሚፈልገው ይህንኑ የመራጩን ፍላጎት ነው። አከራካሪ ሲሆን ወረቀቱ ወደ ካውንቲው አጣሪ ቦርድ ይሄዳል፤ ቦርዱ ሦስት አባላት አሉት።

ሌላው ምክንያት ተራ ስሕተት ነው፦ በአንድ ሳጥን ጥግ የቀረ ጥቅል፣ ሁለት ጊዜ የገባ እሽግ፣ ተሳስቶ የተደመረ ቁጥር። ልዩነቱ 100 ሺህ በሆነበት ምርጫ እነዚህን ሁሉ ማንም አያያቸውም፤ አይጎዱምም። 42 ሲሆን ግን እያንዳንዷ ስሕተት ዋጋ አላት።

የኪንግ ካውንቲ 735 ፖስታዎች ነገር ምንድን ነው?

የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው፤ ታግሳችሁ አንብቡት።

በፖስታ የመጣ ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መራጩ ሲመዘገብ ካስቀመጠው ፊርማ ጋር ይመሳከራል። ኪንግ ካውንቲ ያን ጊዜ የተመዘገቡትን ፊርማዎች ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ነበር፤ የአንዳንድ ሰው ፊርማ ግን ሳይገባ ቀርቷል። እንዲህ ሲያጋጥም ሠራተኛው የወረቀት መዝገቡን አውጥቶ ማመሳከር ነበረበት። አልተደረገም። ፖስታዎቹ «ፊርማ አልተገኘም» ተብለው ካልተቆጠሩት ጋር ተደባለቁ። መራጮቹ ምንም ያጠፉት ነገር የለም፤ ተመዝግበዋል፣ ፈርመዋል፣ በጊዜው ልከዋል።

ይህ እንዴት ተገኘ? የካውንቲው ምክር ቤት አባል የሆኑት ዴሞክራት ላሪ ፊሊፕስ በሰፈራቸው ድምፃቸው ውድቅ የሆነባቸውን ሰዎች ዝርዝር ሲያገላብጡ የገዛ ራሳቸውን ስም አገኙት። ምርጫ የሚከታተል ባለሥልጣን የራሱ ድምፅ አለመቆጠሩን ያወቀው በአጋጣሚ ነው ማለት ነው። እሳቸው ጠየቁ፣ ካውንቲው ፈለገ፣ እንዲህ የተጣሉ ፖስታዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ አድጎ አድጎ 735 ላይ ቆመ።

ሪፐብሊካኖች «ድጋሚ ቆጠራ ማለት የተቆጠረውን እንደገና መቁጠር እንጂ ያልተቆጠረ መጨመር አይደለም» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የፒርስ ካውንቲ ዳኛም አገደላቸው። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ ምክንያቱም ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ታኅሣሥ 14፣ ዴሞክራቶች በየካውንቲው ውድቅ የተደረገ ድምፅ ሁሉ እንደገና ይመርመር ብለው ሲጠይቁ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ አይሆንም ብሎ ነበር። ታኅሣሥ 22 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ አሁንም በሙሉ ድምፅ፣ አንድ ካውንቲ ራሱ የሠራውን ስሕተት ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት የማረም ሥልጣን አለው ብሎ ፈረደ። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሳነባቸው አይጣሉብኝም፤ የመጀመሪያው ፓርቲ ያመጣው ጥያቄ ነበር፣ ሁለተኛው ካውንቲው በራሱ ጥፋት ላይ ያቀረበው ነው።

ፖስታዎቹ አንድ በአንድ ተመሳከሩ። 566 ያህሉ ትክክለኛ ሆነው ተቆጠሩ።

እነዚያ ፖስታዎች ባይቆጠሩ ሮሲ ያሸንፉ ነበር?

አያሸንፉም። በእጅ ቆጠራው 735ቱ ሳይጨመሩ ግሬግዋር በ10 ድምፅ ይመሩ ነበር። በየጊዜው የሚረሳው ነገር ይህ ነው። ግን 10 እና 129 በሰው ልብ ውስጥ አንድ አይደሉም፤ በኋላ የተነሳውን ቁጣም ያባባሰው የኪንግ ካውንቲ ፖስታ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው።

የሦስተኛውን ቆጠራ ወጪ ማን ከፈለ?

የእጅ ቆጠራውን የጠየቀው የዴሞክራቶች ፓርቲ ስለሆነ በሕጉ መሠረት ለእያንዳንዱ ድምፅ 25 ሳንቲም ታስቦ 730,000 ዶላር አስያዘ። ሕጉ ቆጠራው ውጤቱን ከቀየረ ገንዘቡ ይመለሳል ይላል፤ ተመለሰላቸው።

የምርጫው ኃላፊ ሪፐብሊካን ነበሩ ይባላል፤ ለፓርቲያቸው አላደሉም?

የክፍለ ግዛቱ ጸሐፊ ሳም ሪድ ሪፐብሊካን ናቸው፤ በዚያው ምርጫ ራሳቸውም ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠዋል። በኅዳር የራሳቸውን ፓርቲ ዕጩ አጸደቁ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ቁጥሩ ሲገለበጥ ዴሞክራቷን አጸደቁ። የፓርቲያቸው ሰዎች በዚህ ክፉኛ ተቀየሟቸው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንን ታከብራለህ ብትሉኝ ከሁለቱ ዕጩዎች በፊት ስማቸውን የምጠራው የሪድን ነው። ሰው የወገኑን ሽንፈት በገዛ ፊርማው ሲያጸድቅ ማየት ብርቅ ነው።

ሮሲ ሽንፈቱን ተቀበሉ ወይስ ከሰሱ?

ከሰሱ፤ መብታቸውም ነበር። መጀመሪያ ግሬግዋር አብረዋቸው ዳግም ምርጫ እንዲጠይቁ በደብዳቤ ጋበዟቸው፤ ግሬግዋር አልተስማሙም። ግሬግዋር ጥር 12 ቀን 2005 ኦሎምፒያ ላይ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ክሱ ግን ከዚያ በፊት፣ ጥር 7፣ ከተራሮቹ ማዶ በሸላን ካውንቲ፣ ዌናቺ በምትባለው የፖም አገር ፍርድ ቤት ተከፍቶ ነበር። ሪፐብሊካኖች ያን ቦታ የመረጡት ሮሲ ብዙ ድምፅ ያገኙበት አካባቢ ስለሆነ ነው።

ዳኛው ጆን ብሪጅስ ይባላሉ። ችሎቱ ግንቦት 23 ተጀምሮ ሰኔ 6 ቀን 2005 ተፈረደ። ዳኛው ያገኙትን በግልጽ አስቀመጡ፦ ሕጋዊ ያልሆኑ 1,678 ድምፆች ተሰጥተዋል። ከነዚህ 1,401ዱ በከባድ ወንጀል ተፈርዶባቸው የመምረጥ መብታቸው ያልተመለሰላቸው ሰዎች ናቸው። 19 በሞቱ ሰዎች ስም የገቡ፣ 6 ሁለት ጊዜ የመረጡ ሲሆኑ፣ የቀሩት 252 ደግሞ ምዝገባቸው ሳይጣራ የተቆጠሩ ጊዜያዊ የድምፅ ወረቀቶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ «1,678 ከ129 ይበልጣል፤ ታዲያ ምርጫው ለምን አልተሻረም?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ድምፅ ምስጢር በመሆኑ ውስጥ ነው። እነዚያ 1,678 ሰዎች ማንን እንደመረጡ አይታወቅም። ሪፐብሊካኖች ያቀረቡት ዘዴ ሂሳብ ነበር፦ ሕገ ወጥ ድምፅ በተገኘበት ምርጫ ጣቢያ ግሬግዋር ከመቶ ስልሳ አግኝተው ከሆነ፣ ከሕገ ወጡም ስልሳ በመቶው የእሳቸው ነውና ይቀነስ የሚል። ዳኛው አልተቀበሉትም። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ጎረቤቱ እንደመረጠው መርጧል ብሎ ለመገመት ምን ማስረጃ አለ? ደግሞም በግምት አገረ ገዥ ማውረድ ዳኛ ከሕዝብ በላይ መሆን ነው አሉ።

የተረጋገጠ ማስረጃ የቀረበው ስለ አምስት ሰዎች ብቻ ነበር፤ አምስቱም የተፈረደባቸው ሆነው ሳለ ድምፅ መስጠታቸውንና ለማን እንደሰጡ ተናገሩ። አራቱ ለሮሲ፣ አንዱ ለቤኔት። ስለዚህ ዳኛው ከሮሲ አራት ቀነሱ፤ ልዩነቱ ከ129 ወደ 133 ሰፋ። ከሳሽ ወደ ችሎት ሄዶ ይዞ የተመለሰው አራት ድምፅ መጉደል ሆነ።

ሮሲ በዚያው ቀን ይግባኝ እንደማይሉ አስታወቁ።

ታዲያ ምርጫው ተሰርቋል ወይስ አልተሰረቀም?

እስከ ዛሬ «ተሰርቋል» የሚል ሰው አገኛለሁ፤ ንዴቱ ይገባኛል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አሸንፈሃል የተባለ ሰው በሦስተኛው ተሸነፍክ ሲባል ደጋፊው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን ሁለት ሳምንት የፈጀ ችሎት፣ ፈቅደው በመረጡት አካባቢ፣ ማስረጃ ፍለጋ ወራት ከወሰደ በኋላ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ማጭበርበር አላገኘም። የተገኘው ዝርክርክነት ነው። ዝርክርክነቱ እውነተኛና አሳፋሪ ነበር፤ ኪንግ ካውንቲም ከዚህ ነፃ አይደለም። ስሕተትንና ሌብነትን ለይቶ መጥራት ግን ለሁላችንም ይበጃል።

ያን ጊዜ በሲያትል የነበርነው ኢትዮጵያውያን እንዴት አየነው?

እኔ ስለ ራሴ ነው የምናገረው። በእኛ አቆጣጠር የ1997ቱ ምርጫ በአገራችን የተካሄደው ግንቦት 7 ነው፤ የዌናቺው ችሎት የተከፈተው ከስምንት ቀን በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 15። በዚያ ሰሞን በአንድ ጆሮዬ ዌናቺን፣ በሌላው አዲስ አበባን እሰማ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ አገር ቤት እደውላለሁ፣ ቀጥዬ የእዚህን ዜና እከፍታለሁ። በሁለቱም ቦታ የሚነሳው ቃል አንድ ነው፦ ቆጠራ፣ አቤቱታ፣ ታዛቢ፣ ድጋሚ።

ዳኛ ብሪጅስ የፈረዱት፣ አሁንም በእኛ አቆጣጠር፣ ግንቦት 29 ነው። ተሸናፊው መግለጫ ሰጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 1፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። አገርን ከአገር ለማወዳደር አይደለም ይህን የማነሳው። ያን ሳምንት የኖርን ሰዎች ስለ ምርጫ ስንነጋገር ድምፃችን ለምን እንደሚለወጥ ልጆቻችን ይጠይቁናልና እንዲያውቁት ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?

ብዙ። መላውን ክፍለ ግዛት የሚያካትት አንድ የመራጮች መዝገብ ተቋቋመ፤ የሞተና የተፈረደበት ሰው ስም ከአንዱ ካውንቲ ወደ ሌላው እንዳያመልጥ ማለት ነው። የውስጥ ምርጫው ከመስከረም ወደ ነሐሴ ተገፋ። የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ የምርጫ ኃላፊውን በሹመት ሳይሆን በድምፁ ለመምረጥ በ2008 ወሰነ። ምርጫ ጣቢያዎች ቀስ በቀስ ተዘግተው በ2011 መላው ክፍለ ግዛት በፖስታ የሚመርጥ ሆነ። ዛሬ ባለው ሕግ የመላው ክፍለ ግዛት ምርጫ ልዩነት ከ1,000 ድምፅና ከሩብ በመቶ በታች ከሆነ የእጅ ቆጠራው ራሱ ግዴታ ነው፤ ማንም ገንዘብ አያስይዝም።

በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ጉዳይም ተቀይሯል። በ2004 አንድ ሰው ከእስር ወጥቶም መቀጫውን ከፍሎ እስኪጨርስ መምረጥ አይችልም ነበር፤ ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ ነው ድምፅ የሰጡት። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከእስር ቤት የወጣ ዜጋ መብቱ ወዲያው ይመለስለታል፤ እንደገና መመዝገብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ሁለቱ ዕጩዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?

በ2008 እንደገና ተገናኙ፤ ግሬግዋር ከመቶ 53 አግኝተው ያለ ምንም ክርክር አሸነፉና እስከ ጥር 2013 አገረ ገዥ ሆነው ቆዩ። ሮሲ በ2010 ለአሜሪካ ሴኔት፣ በ2018 ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው ሁለቱንም ተሸነፉ።

ይህን ያህል የጠበበ የአገረ ገዥ ምርጫ ሌላ ቦታ ታይቷል?

በሚኒሶታ በ1962 ካርል ሮልቫግ በ91 ድምፅ አሸንፈዋል፤ ክርክሩ እስከ ቀጣዩ ዓመት መጋቢት ዘልቆ ነባሩ አገረ ገዥ እስከዚያ ወንበራቸው ላይ ቆይተዋል። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን ከዋሽንግተን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ በመቶኛ ሲታይ የዋሽንግተኑ ይጠብባል።

ግሪን ካርድ አለኝ፤ መምረጥ እችላለሁ?

አይቻልም። በአገረ ገዥ ምርጫም በፕሬዚዳንት ምርጫም መምረጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ መመዝገብ ወይም መምረጥ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ «መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ሲባሉ በስሕተት አዎ ያሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እባካችሁ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይህን አስረዷቸው።

ዜጋ ነኝ። የእኔ ፖስታ ከ735ቱ እንደ አንዱ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

ፊርማዎን ያስቡበት። በመዝገብ ያለው ፊርማዎ ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በመስታወቱ ላይ በጣትዎ ወይም በፕላስቲክ ብዕር የሞነጫጨሩት ነው። ከእኛ ሰው ብዙው መጀመሪያ በአማርኛ ይፈርም የነበረና ኋላ በእንግሊዝኛ ፊደል የቀየረ ነው። የእኔም ፖስታ አንድ ዓመት «ፊርማው አይመሳሰልም» ተብሎ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ሰነዱን ሞልቼ መልሼ ልኬ ተቆጠረልኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰዎ የማስታወቂያ ወረቀት መስሎዎ አይጣሉት፤ ካውንቲው ውጤቱን ከማጽደቁ በፊት ከመለሱት ድምፅዎ ይተርፋል። ስልክዎንም ያስመዝግቡ፣ ሊደውሉልዎ ይችላሉ።

ባልና ሚስት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ሲሞሉ ፖስታ ይቀያየራሉ፤ እሱ በእሷ፣ እሷ በእሱ ላይ ትፈርማለች። ከመፈረምዎ በፊት ፖስታው ላይ የታተመውን ስም ያንብቡ።

የመጨረሻው ቀን ድረስ ከቆዩ ተራ የፖስታ ሳጥን ውስጥ አይክተቱ፤ ማኅተሙ በማግሥቱ ሊመታ ይችላል። የካውንቲው የድምፅ መቀበያ ሳጥን በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር እስከ 8፣ ክፍት ነው። ያልተመዘገበ ሰውም በዚያው ቀን እስከዚያው ሰዓት ድረስ በአካል ሄዶ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል።